ጣሪያው የተቃመ ተርሚናል

እኔ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠርቻለሁ። እንዲህ ስላችሁ «ይሄ ሰውዬ ደህና አይደለም» ብላችሁ ገጹን እንዳትገልጡብኝ። ትልቅ አይደለም፤ ከእኛ ቤት የምግብ ጠረጴዛ ትንሽ ይበልጣል፤ በበር ሲያስወጡት ግን በጎን ካላዘነበሉት አይወጣም። ግድግዳው ከካርቶን ነው፣ ተሳፋሪዎቹ ከጭቃ፣ ጣሪያው ደግሞ... ጣሪያው ጋ ቀስ ብለን እንደርሳለን። ነገሩ የተበላሸውም የተቃናውም በጣሪያው ስለሆነ አሁኑኑ ከተናገርኩት ለኋላ የማወጋችሁ አይኖረኝም።

የምኖረው ጭሮ ነው። አሰበ ተፈሪ ካላችኋትም እሷው ናት፤ እኛ እንደየዕድሜያችን በሁለቱም እንጠራታለን። በአንድ የቴክኒክ ትምህርት ቤት የንድፍ መምህር ነኝ። ከሸዋ ተመድቤ ስመጣ «ለጥቂት ጊዜ ነው» ተብዬ ነበር። ጥቂቱ ጊዜ እየተለጠጠ ሄዶ ግማሽ ፀጉሬን ይዞብኝ ጠፍቷል።

ባለቤቴ ወይንሸት አዋላጅ ነርስ ናት። የተመደበችው መሰላ ነው። መሰላ ለጭሮ ቅርብ ናት ይባላል፤ የሚሉት ሰዎቹ ናቸው እንጂ መንገዱ ይህንን አልሰማም። ዓርብ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሳ ትመጣለች፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ትመለሳለች። በመካከል የምትቀረን ቅዳሜ ናት፤ እሷንም ልብስ እናጥብባታለን።

ወይንሸት አንድ ጥቁር ሻንጣ አላት። ሻንጣው ከተጋባን ጀምሮ ከበሩ ኋላ አልፎ ወደ ቤት ገብቶ አያውቅም። «ልብስሽን አውጥተሽ ቁም ሣጥን ውስጥ አታደርጊውም?» ስላት «እሁድ መልሼ ልከተው?» ትለኛለች። እውነቷን ነው። ሰው ግን እውነት መሆኑን እያወቀም ሻንጣ ሊጠላ ይችላል። እኔ ያንን ሻንጣ ከልቤ እጠላው ነበር። እሁድ እሁድ እሱን ተሸክሜ ወደ መናኸሪያ ስወርድ ድንጋይ የተሞላ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጭሮ እንድትዛወር ስንጠይቅ ኖረናል። ጉዳዩን የያዙት የዞኑ ኃላፊ ኦቦ ጀማል ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ እንዲያውም እንደሳቸው የሚያጽናና ኃላፊ አይቼ አላውቅም። «ችግርህ ችግሬ ነው መምህር፣ ተተኪ አጥተን እኮ ነው» ይሉኛል። ችግሬን እኩል ተካፍለን እንለያያለን። በሩ ጋ ስደርስ ግን የእሳቸውም ድርሻ እኔው ላይ ነው።

አንድ ቀን ራሳቸው አስጠሩኝ። ተተኪ ተገኘ ብዬ ጠመኔ በእጄ እንደያዝኩ ሮጥኩ።

«መምህር፣ ቀጥ ያለ መስመር ትስላለህ አይደል?» አሉኝ።

«እንጀራዬ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው የአውሮፕላን ማረፊያ ሥራልን።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አካባቢ አውሮፕላን ማረፊያ ሊሠራ ይችላል የሚል ወሬ አለ። «ይችላል» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ታዲያ ተርሚናሉ ዘመናዊ የሆነ፣ የአካባቢውንም ማንነት የሚያንጸባርቅ እንዲሆን ከተሞች ሐሳባቸውን በሞዴል ያቅርቡ ተብሏል። ከአዲስ አበባ አንድ ባለሙያ እየዞረ ያያል። ጭሮ ኮሚቴ አቋቁማለች፤ ኮሚቴው ሰብሳቢ አለው፣ ሽማግሌ አለው፣ ነጋዴ አለው፣ የሚስል ሰው ግን የለውም።

«ይሄ አምሮ እንግዳው ከወደደው» አሉ ኦቦ ጀማል ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ «የወይንሸትን ነገር እኔ ራሴ እጨርሰዋለሁ። ወላሂ!»

ለዚህ ቃል እንኳን የአውሮፕላን ማረፊያ፣ ወደብም እሠራ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ከነከነኝ። ጭሮን የምታውቋት ታውቋታላችሁ፤ በየትም ዞራችሁ ብታዩ ዓይናችሁ ተራራ ላይ ነው የሚያርፈው። ሜዳ የምንለው ኳስ ሜዳው ነው፤ እሱም ቢሆን የታችኛውን ጎል የያዘ ቡድን ኳስ ከመጫወት ይልቅ ኳስ ሲያመጣ ነው የሚውለው።

«ኦቦ ጀማል፣ አውሮፕላኑ የት ላይ ነው የሚያርፈው?»

«መሬቱ የሌላ ኮሚቴ ነው» አሉኝ ቆጣ ብለው። «የእናንተ ማንነቱ ነው።»

ዓርብ ለወይንሸት ነገርኳት። ጫማዋን እንኳን ሳታወልቅ ቀና ብላ ጣሪያችንን አየችው። የቤታችን ጣሪያ በአልጋው ግርጌ በኩል ያፈሳል፤ ለእሱ የተመደበ ባልዲ አለን፤ ክረምት ሲገባ ባልዲው ከእኛ እኩል ቤተሰብ ነው።

«አንተ ነህ ጣሪያ የምትሠራው?» አለች።

«የአካባቢውን ማንነት የሚያንጸባርቅ» አልኳት።

«እንግዲያው ልክ ነው፣ የሚያፈስ አድርገው» ብላ እግሯን ልትታጠብ ገባች።

የኮሚቴው ስብሰባ ወይዘሮ ፀሐይ ሆቴል ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ የነጋዴዎች ተወካይ ናት፤ አዳራሹም የእሷ፣ ወንበሩም የእሷ፣ ድምጿም ከሁላችን የበለጠ ነው። ሽማግሌው ሐጂ አህመዶ ናቸው፤ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መካከል ተክለው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ፤ ተኝተዋል ብሎ የሚያማቸው ሰው ሁልጊዜ ይዋረዳል። ኦቦ ጀማል ስብሰባውን የከፈቱት «ማንነታችን ምንድን ነው?» በሚል ጥያቄ ነው። እስኪጠየቅ ድረስ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነበር።

«ማሽላ ነን» አለች ወይዘሮ ፀሐይ። «ጣሪያውን የማሽላ ራስ አድርጉት። በልተን ያደግነው እሱን አይደለም?»

«ማሽላ የትም አለ» አሉ ኦቦ ጀማል። «ያ ሐጂ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ሐጂ ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ሸኚ» አሉ።

«ምን?»

«ሸኚ ነና! ማንነት ብለህ ጠየቅከኝ፣ ነገርኩህ። እኔ ሐጅ ስሄድ ሰፈሩ በሙሉ አይሱዙ ተጭኖ ድሬዳዋ ሸኘኝ። አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ ምን አሉን? ሐጂ ይግባ፣ ሌላው ውጭ ይቁም አሉ። ሰው ፀሐይ ላይ ቆመ። አሮጊት አለች፣ ሕፃን አለ፣ ሁሉ ቆመ። እኔ ብቻዬን ገባሁ፣ ወንበር ሞልቷል፣ የሚቀመጥበት ሰው የለም። ይሄ ቤት የማን ነው? ያ መምህር፣ ስማኝ። ተጓዥ ምን ያደርጋል፣ ይሄዳል። ቤት የሚያስፈልገው የሚቀረው ሰው ነው።»

ይህችን ንግግር ሰምቼ ሳልጨርስ ሐጂን ወደድኳቸው። ከአንድ ሻንጣ ጋር በተያያዘ ምክንያት እኔም ከሚቀሩት ወገን ነኝ። ወዲያው ወረቀት አውጥቼ አዳራሹን ለሸኚና ለተቀባይ ሰፊ፣ ለተጓዡ ደግሞ ጠባብ በር ብቻ አድርጌ ሣልኩት። እስካሁን ድረስ ከሠራሁት ሁሉ ቀጥ ብሎ የወጣልኝ መስመር እሱ ነው።

ጣሪያው ግን አልተፈታም። በመጨረሻ ኦቦ ጀማል ጠረጴዛውን መትተው «ጫት ነው!» አሉ። «ከሂርና እስከ በደሳ ምን ያገናኘናል? ጫት! ጣሪያው በጫት ቅጠል ቅርጽ ይሁን። ከላይ ሲታይ አረንጓዴ፣ ሰው ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ አገሩን ያውቃል።» ጸደቀ። እኔም የቅርጽ ጉዳይ ነው ብዬ ካርቶን በቅጠል ቅርጽ ቆርጬ፣ አረንጓዴ ቀብቼ አመጣሁ።

በሌላ አገር ቢሆን «ጥሩ አረንጓዴ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። እኔ ያለሁት ግን ሕፃኑ እንኳን ቅጠል አይቶ የየት አካባቢ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀነጠሰ በሚያውቅበት አገር ነው። ሐጂ ካርቶኑን አንስተው ወደ ብርሃን ያዙት፤ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ የየት ነው?» አሉኝ።

«የካርቶን ነው ሐጂ።»

«ጎመን ነው» አሉ ሐጂ፣ በሐዘን።

«የሸዋ ጎመን!» አለች ወይዘሮ ፀሐይ። «አገሩ ናፍቆት እኮ ነው፣ ተዉት።»

ጠቆር አድርጌ ቀባሁት፤ «ያደረ ነው» ተባለ። አፈካሁት፤ «ውኃ የበዛበት» ተባለ። ጫፉ ላይ ቀላ አደረግኩት፤ ወይዘሮ ፀሐይ «አሁን የበደሳውን መሰለ» አለች። ኦቦ ጀማል የሂርና ሰው ናቸው። ፊታቸው ተለዋወጠ። «ሂርና እያለ በደሳ ጣሪያ ላይ የወጣው በማን ውሳኔ ነው?» አሉ። ስብሰባው ተበተነ። በሚቀጥለውም ተበተነ። እኔ እያንዳንዱ ስብሰባ ሲበተን የማስበው ያንን ጥቁር ሻንጣ ነበር፤ ከበሩ ኋላ ሆኖ የሚስቅብኝ ይመስለኝ ጀመር።

መፍትሔው የመጣው ከሐጂ ነው። «አቦ ምን አስቸገራችሁ!» አሉ። «እውነተኛውን አድርጉበት። በዚያ በኩል የሂርናውን፣ በዚህ በኩል የበደሳውን። ማን ይጣላል?»

ሁላችንም ተነፈስን። እዚህ ላይ ግን አንድ አስተዋይ ሰው በመካከላችን ቢኖር «ገረባ አድርጉበት» ይል ነበር። ገረባ ማለት ለስላሳው ተቅሞ ሲያልቅ የሚጣለው ጠንካራ ቅጠል ነው፤ ፍየል ካልሆነ ማንም እጁን አይሰድበትም። እኔ ግን የአካባቢ ማንነት በገረባ አይንጸባረቅም ብዬ ምርጡ ይሁን አልኩ። ጫት ስለማልቅም ምርጡን ከተራው አላውቀውም፤ ስለዚህ ሐጂ ራሳቸው ጫት ተራ ወርደው መረጡልኝ። እየመረጡ ሳለ ዓይናቸው እንዴት እንደሚያበራ አይቻለሁ። ለልማት ያላቸው ፍቅር መስሎኝ ነበር።

እንግዳው የሚመጣው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው ተባለ። በሌሊት፣ ወፍ ሳይንጫጫ፣ ተነሥቼ በወይዘሮ ፀሐይ አዳራሽ የጣሪያውን ማገር በቀጫጭን እንጨት አዋቀርኩ፣ ጫቱን በላዩ ላይ እንደ ክዳን ሣር ደረደርኩ፣ እንዳይጠወልግም እርጥብ ጨርቅ አለበስኩት። ከውስጥ የጭቃ ሰዎቼን አቆምኩ፤ በጠባቧ በር አንድ ተጓዥ፣ ከኋላው አንድ አይሱዙ ሙሉ ሸኚ። የተረፈች ጭቃ ነበረች። ምን እንዳደረገኝ አላውቅም፣ ከእሷ አንድ ራሰ በራ ሰው ሠርቼ በመግቢያው በር በኩል ለብቻው አቆምኩት።

ሦስት ሰዓት ሆነ፣ እንግዳው የለም። አምስት ሰዓት ላይ ተደውሎለት «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። መንገድ ላይ መሆንን የሚያህል ሰፊ ቦታ የለም፤ ሰው ቤቱ ሆኖም ሊሆንበት ይችላል። ምሳ በላን። ሐጂ ሰግደው ተመለሱ። ጨርቁን ገለጥ አድርጌ ውኃ ረጨሁበት። የቅጠሉ ሽታ አዳራሹን ሞላው።

ለሌላ አገር ሰው አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። በእኛ አካባቢ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት እንደ ሌላው ሰዓት አይደለም። ሱቁ ይፈዛል፣ መንገዱ ይፈዛል፣ ሰው ጎኑን ትራስ ላይ ያሳርፋል፣ እጁም ራሱን ችሎ አንድ ነገር መፈለግ ይጀምራል። ኮሚቴው በዚህ ሰዓት በክብ ተቀምጧል። በመካከሉ ያለው የሂርናና የበደሳ ምርጥ ጫት ነው።

«ያ መምህር» አሉ ሐጂ ዝግ ብለው። «ይቺ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ወጣ ብላለች። አየሃት?»

«አየኋት ሐጂ።»

«ላስተካክላት?»

«ያስተካክሏት እንጂ» አልኩ።

አስተካከሏት። ወደ አፋቸው።

ኦቦ ጀማል ጥቂት አዩና «በበደሳ በኩል ጎደለ» አሉ። «ጣሪያ በአንድ በኩል ሲጎድል ያጋድላል። አንተ ራስህ ስለ ሚዛን ታስተምር የለም እንዴ?» ብለው ከሂርናው በኩል ሚዛኑን መለሱት። ሐጂም ሚዛኑ በዝቶ ተመለሰ ብለው እንደገና ከበደሳው አነሱ። ወይዘሮ ፀሐይ ኦቾሎኒና ቀዝቃዛ ውኃ አስመጣች፤ «ለኮሚቴው ነው» አለች። እሷ አትቅምም። ግን የትኛው ወገን እንደሚበልጥ የሚመሰክር ገለልተኛ ሰው ስላስፈለገ ከሁለቱም ቀመሰች፤ ፍርዱ እንዳይዛነፍም ደገመች።

«ኧረ ስለ ፈጣሪ! እንግዳው ቢመጣስ?» አልኩ።

«ጫፍ ጫፉን ነው» አሉኝ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

ጫፍ ጫፉ አልቆ መሐሉ ሲጀመር ወሬው አማረ። የሐጂ ዓይን ተገለጠ። ኦቦ ጀማል ዜና እንደሚያነብ ሰው እየተራመዱ ይናገሩ ጀመር። ማኮብኮቢያው ተራራውን በስቶ ያልፋል ተባለ። በረራው ወደ ጅዳ በቀጥታ ነው ተባለ። ተርሚናሉ ሁለተኛ ፎቅ ተጨመረለት፣ ሦስተኛም ተጨመረለት፤ እኔ ከሥር ከሥር ጣሪያው ሲያልቅ አያለሁ፣ እነሱ ከላይ ከላይ ፎቅ ይጨምራሉ።

«የወይንሸትንም ነገር ነገ!» አሉ ኦቦ ጀማል። «ነገ ጠዋት! ምን ችግር አለው? ተተኪ? ተተኪ ሞልቷል!»

ይህን ስሰማ ልቤ ዘለለ። ስትመጣ ታየኝ፤ ሰኞ ቤት ስትሆን፣ ማክሰኞም ስትሆን ታየኝ። ደስታ ሲበዛ እጅ ሥራ ይፈልጋል። እኔ ጫት ቅሜ አላውቅም፤ በዕድሜዬ የቃምኩት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የቃምኩትም የራሴን ጣሪያ ነው። ከመግቢያው በር በላይ ያለውን፣ ከራሰ በራው ሰውዬ አናት ላይ፣ የመጨረሻውን ቅጠል እያኘክሁ ሳለ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ።

እንግዳው ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ነበር። በየከተማው የተዘጋጀለትን ሞዴል ሁሉ አይቶ የደከመው ይመስላል። ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። እሱ ሲገባ ከካርቶን ግድግዳ በላይ የነበረው ባዶ ማገርና የተላጨ እንጨት ብቻ ነው። ኦቦ ጀማል ንግግር ሊያደርጉ ተነሡ። ጉንጫቸው ውስጥ የሂርና ክንፍ በሙሉ አለ። አፋቸውን ሊከፍቱ ሞክረው፣ አስበውበት፣ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ጣሪያው...» አልኩ፣ «ጣሪያው ለጊዜው ክፍት ነው።»

«ጭሮ ዝናብ አይዘንብም?»

«ይዘንባል።»

እንግዳው አንድ ባዶ የጫት ዘንግ አነሳ፣ አሸተተ፣ ወደ ሐጂ ዞረ። ሐጂ የማይዋሹ ሰው ናቸው። «የበደሳው ይሻላል» አሉት። የሳቀ የለም። እኔ በልቤ ሻንጣውን እያየሁት ነበር፤ ሁለት እጀታ ያለው ዕድሜ ልክ እስራት።

ሰውዬው ግን አልወጣም። ጎንበስ ብሎ በማገሩ መካከል ወደ ውስጥ ማየት ጀመረ። ለረጅም ጊዜ አየ። «በሄድኩበት ሁሉ ጣሪያ ነው የሚያሳዩኝ» አለ በመጨረሻ። «ውስጡን አይቼ አላውቅም። እነዚህ ሁሉ ተሳፋሪዎች ናቸው?»

«ሸኚዎች ናቸው» አሉ ሐጂ። «ተሳፋሪው ያ አንዱ ነው።»

«ይሄ ለብቻው የቆመውስ?»

አፌ ውስጥ ቅጠል ስላለ ይሁን፣ አእምሮዬ ውስጥ ስለገባ ይሁን አላውቅም፣ «እኔ ነኝ» አልኩት።

«ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ባለቤቴን። ከመሰላ ስትመጣ።»

«ከመሰላ ጭሮ በአውሮፕላን?» አለ። አሁን ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሊስቅ ነበር። ሐጂ ግን ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት።

«አትሳቁ። በአውሮፕላን ይሁን፣ በአህያ ይሁን፣ ትምጣ! እኔ ሱቄ መናኸሪያ በር ነው። ይሄ ልጅ ዓርብ ቆሞ ይጠብቃል፣ እሁድ ቆሞ ይሸኛል። ዝናብ አለ፣ ቆሟል። ዱጋ፣ እውነቱን ነው የምነግርህ። ጭቃው ሰውዬ ራሱ ነው፣ ፀጉር እንኳን የለውም።»

እንግዳው ወደ ኦቦ ጀማል ዞሮ ምን እንዳስቸገረ ጠየቃቸው። ኦቦ ጀማል የሂርናን ክንፍ በአንድ ጊዜ ዋጡት።

«ሂደት ላይ ነው» አሉ።

«ምን ትሠራለች?»

«አዋላጅ ነርስ ናት።»

«ተርሚናሉ የሕክምና ክፍል እንኳን የለውም» አለ እንግዳው ወደ ሞዴሉ እየጠቆመ። «ኮሚቴያችሁ የጤና ባለሙያ አላስገባም?»

ይሄኔ ነው የኦቦ ጀማል ፊት የበራው። «በውሰት!» ብለው ጮኹ። «በውሰት እናመጣታለን! ጭሮ ትሠራለች፣ በጎን ኮሚቴውን ታማክራለች፤ ዲዛይኑ እስኪያልቅ!» እንግዳው ራሱን ነቀነቀ። ጣሪያውን በሚመለከት የየከተማውን ሕዝብ አወያይታችሁ ጨርሱት ብሎ ተነሣ። ሲወጣ ሐጂ ፊት የቀረችውን አንዲት ለምለም ቅንጣት አንስቶ ወደ ኪሱ ከተታት።

ስንት ዘመን የታጣው ተተኪ ወዲያው ተገኘ። ወይንሸት ሰኞ መጣች። ሰው ሚስቱን በሽማግሌ ያገኛል፣ በጠለፋም ያገኝ ነበር፤ እኔ በውሰት አገኘኋት። ደስታዬን ግን ሻንጣው አጎደለው፤ እንደ ድሮው ከበሩ ኋላ ተቀመጠ።

«አሁን እንኳን አውጪው እንጂ» አልኳት።

«የውሰት ዕቃ አይዘረገፍም» አለችኝ። «ዲዛይንህ ሲያልቅ እመለስ የለ?»

አያችሁት? የቸኮልኩበትን ዲዛይን በግማሽ ቀን መጨረስ እችል ነበር። ከዚያች ሰኞ ጀምሮ ግን እንደ እኔ ለሕዝብ ውይይት የሚቆረቆር ሰው በምዕራብ ሐረርጌ አልተገኘም። ሂርና ሄጄ አወያየሁ፤ ጣሪያው የሂርና ይሁን አሉ። በደሳ ሄጄ አወያየሁ፤ የበደሳ አሉ። የበደሳውን ለሂርና፣ የሂርናውን ለበደሳ አደረስኩ፤ ሁለቱም ተቆጡ፤ እንደገና ማወያየት ግድ ሆነ። መሰላ «ጫቱን ተዉትና የቡና ቅጠል» አለች፤ ሐሳቡ ጥናት እንደሚያስፈልገው ገለጽኩ። ወይዘሮ ፀሐይ ማሽላዋን ስትረሳ እኔ አስታወስኳት። ማታ ቤቴ ስገባ መብራት በርቶ አገኛለሁ፤ ያ ለእኔ ዘመናዊ ተርሚናል ነበር።

እንዲህ ሆነን ሳለ አንድ እሁድ ከምሳ በኋላ ኦቦ ጀማል ወደ ቤታችን መጡ። ፊታቸው በርቷል። ሲገቡ እግራቸው ከበሩ ኋላ የሆነ ነገር መታ፤ ሳያዩት አልፈው ተቀመጡ።

«የምሥራች መምህር! እንግዳው ደወለልኝ። ወዶታል። ጣሪያውን አንዱን ምረጡና በዚህ ወር መጨረሻ ንድፉን ላኩልኝ አለ። አለቀ በለኝ!»

ወይንሸት ሻይ እያቀረበችላቸው ነበር። ብርጭቆውን ፊታቸው አስቀመጠች። ውጭ ያካፋል፤ ባልዲው ጠብ፣ ጠብ ይላል። እኔ «እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት እንዳለብኝ እያወቅሁ ጠብታውን ቆጠርኩ።

ኦቦ ጀማል እግራቸውን እያሻሹ ወደ በሩ ዞሩ። «ምንድን ነው የመታኝ? መንገደኛ አለባችሁ እንዴ?»

«የእኔ ሻንጣ ነው» አለች ወይንሸት።

«ወዴት ልትሄጂ?»

«ወደ መሰላ ነዋ። ዲዛይኑ አለቀ አይደል?»

ኦቦ ጀማል ሻይውን አንስተው ጠጡ። ሻንጣውን አዩት፣ ባልዲውን አዩት፣ እኔን ዘለሉኝ፤ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ የተቀመጠውን ጣሪያ አልባ ተርሚናል ደግሞ ረዘም አድርገው አዩት። ብርጭቆውን አስቀመጡ።

«መምህር፣ የመሰላ ሽማግሌዎች ስለ በሩ ተጠይቀዋል?»

«ስለ ጣሪያው ነው የተጠየቁት።»

«ስለ በሩስ?»

«ስለ በሩ... አልተጠየቁም።»

«እንዴት?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። እውነተኛ ቁጣ ነበር የሚመስለው። «ማንነት በጣሪያ ብቻ ነው እንዴ? በር አለ፣ መስኮት አለ፣ ወለል አለ! ሕዝብ ሳይጠየቅ በር ይከፈታል? አይሆንም። ለእንግዳው እኔ እደውልለታለሁ፤ ውይይቱ እየሰፋ ነው እለዋለሁ። አንተም አትቸኩል። ምን አጣደፈህ?»

ተነሡ። ወይንሸት ዝናብ እየመታት እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው፤ እኔም ሸኘኋቸው፤ ጎረቤቶቻችንም ምን እንደሆነ ሳያውቁ ወጥተው ሸኟቸው። ስንመለስ ወይንሸት ሻንጣውን አንስታ አልጋው ላይ ገለበጠችውና ልብሷን አንድ በአንድ እያጠፈች ቁም ሣጥን ውስጥ ደረደረች። እኔ ባልዲውን ደፍቼ መለስኩ፤ ዓይኔን ማንም እንዳያይብኝ ብዬ ነው።

ሻንጣው አሁን ጓዳ ነው ያለው። ከገበያ ስትመለስ ሽንኩርት ሞልታበታለች፤ ጨርቁ ሁሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ እሱን ይዞ ወደ የትም መሄድ አይቻልም።